ስልክ ውስጥ የተቀጠረው በረኛ

ይህን ነገር መጀመሪያ የነገረኝ መነጽር ጠጋኙ ነው። ያ ከአውቶቡስ መነሃሪያው አጥር ጋር ተለጥፋ አንድ ሰው ተኩል እንኳን የማትይዝ ሱቅ ያለችው። ሲያወራ ብሎን በከንፈሩ ይዞ ስለሆነ ከሁለት ቃል አንዱን ይውጠዋል፤ የዋጠውን እየሞላሁ የሰማሁት እኔ ነኝ። ከራሴ ግን አንድ ነገር አልጨመርኩም። ፊደል ባልቆጥርም ወሬ ሲነገረኝ እንደ ሚዛን ነኝ፣ የተጫነብኝን ያህል ነው የማሳየው፤ በዚህ የሚወዳደረኝ ካለ ይምጣ። ያም አልበቃኝ ብሎ ሴትየዋ ዘንድ ራሴ ሄጃለሁ፣ ሱሪ ለማስተኮስ መስዬ። ሱሪውም በእርግጥ ካውያ ያስፈልገው ነበር።

ሴትየዋ ልብስ ተኳሽ ናት። ተኳሽ ስላችሁ ጠመንጃ እንዳትፈልጉ። ቤቷ ከአንድ ፎቅ ሥር፣ መንገዱን በአንድ መስኮት የምታይ ክፍል ናት። መሃል ላይ በብርድ ልብስ የተለበጠ ሰፊ ጠረጴዛ፣ ከጣሪያ ተንጠልጥሎ የሚወርድ ቱቦ ያለው የእንፋሎት ካውያ፣ ለአንገትጌ ብቻ የሚወጣ ሌላ ከባድ አሮጌ ካውያ፣ ግድግዳውን ይዞ የሚሄድ የብረት ዘንግ፣ ዘንጉ ላይ ቁጥር የተለጠፈባቸው መስቀያዎች። ከመጋረጃው ጀርባ አልጋና ምድጃ። ሃያ ስድስት ዓመት እዚያው ቆማ ተኩሳለች። ሰውን በፊቱ ሳይሆን በልብሱ ነው የምታውቀው። ማን ከሳ፣ ማን ወፈረ፣ ማን ቀኑን ሙሉ ወንበር ላይ ተጎልቶ እንደሚውል ከሱሪው መቀመጫ ታነባለች። የኔንም ሱሪ ገልበጥ አድርጋ አየችና «ብዙ የሚያወሩ ሰው ነዎት መሰለኝ፣ ጉልበቱን በእጅዎ መትተው መትተው ጨርቁን አሳስተውታል» አለችኝ።  

ባሏ ደግሞ የመነሃሪያው ድምፅ ነበር። ስሙን የሚጠራው የለም፤ ሾፌሩም ተሳፋሪውም ሻይ ሻጩም «ማይኩ» ነው የሚለው። ሃያ ሁለት ዓመት እዚያች የመስታወት ሳጥን ውስጥ ተቀምጦ የትኛው አውቶቡስ ከየትኛው ተራ እንደሚነሳ ሲጠራ ኖሯል። ድምፁ ምን ዓይነት ነበር ብትሉኝ፣ የተኛን ሰው ሳያስደነግጥ የሚቀሰቅስ ነበር። እኔም በጎልማሳነቴ ድምፅ ነበረኝ፤ አንዴ ወንዝ ማዶ ያለ አንድ ሰው ጠርቼ ሦስት ሰው ነው የመጣልኝ። እሱን ግን አልስተካከለውም። ይህን ከአፌ ስትሰሙ የመጀመሪያችሁ ነው፣ ስለ ሌላ ሰው እንዲህ ብዬ አላውቅም።

ተኳሿ ቤት ሰዓት የለም። አስፈልጓት አያውቅም። የባሏ ድምፅ በሦስት መንገድ አልፎ በመስኮቱ ይገባል። የመጀመሪያውን አውቶቡስ ሲጠራ ካውያዋን ትሰካለች፣ የስምንቱን ሲጠራ ምሳዋን ትበላለች፣ የመጨረሻውን ሲጠራ ራት ትጥዳለች። ለሰው ይጣራል፣ እሷ ግን ለኔ ነው ብላ ነው የምትሰማው። ነግራው ታውቅ እንደሆነ ጠየቅኳት። «አይ፣ ይኮራብኛል ብዬ» አለች።

አንድ ጠዋት ሻይ እየጠጣ ሳለ ብርጭቆው ከእጁ ወደቀ። «ምን ሆንክ አንተዬ?» ስትለው አፉን ከፈተ። ድምፅ ወጣ፤ ቃል ግን የለም። ሐኪም ቤት ተወሰደ፣ ስትሮክ ነው ተባለ፣ ጭንቅላቱ ውስጥ ደም ረግቶ። ተመስገን ነው፣ እግሩ በሳምንቱ ተመለሰለት። ቀኝ እጁ ደከም እንዳለ ቀረ። ቃሉ ግን አልተመለሰም። የሚነገረውን ሁሉ ይሰማል፣ ይገባዋል፤ የራሱ ቃል ከጭንቅላቱ ተነስቶ ምላሱ ጋ ሳይደርስ መንገድ ላይ ይቀርበታል። በዚያ ሳምንት ተኳሿ ሦስት ሸሚዝ አቃጠለች። ሰዓቱ ጠፍቶባት ነው።

የመነሃሪያው ኃላፊ ሊጠይቀው መጣ፣ ብርቱካን በፌስታል ይዞ። ብዕር ከጆሮው የማይለይ፣ ቀጠን ያለ፣ ደግ ግን ፈሪ ሰው ነው፤ ከላይ ያሉትን አለቆች እንደ መብረቅ ነው የሚፈራቸው። አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠና፣ «ስማኝ ወንድሜ» አለው፣ «ሦስት ወር ወንበርህን እይዝልሃለሁ። ከዚያ በላይ አይፈቅዱልኝም። በሦስት ወሩ መጥተህ የጠዋቱን ዝርዝር ካነበብክልኝ ማይኩ ያንተ ነው። ካልሆነ ዕቃ ማስቀመጫ ክፍሉን እሰጥሃለሁ። እዚያ መናገር አያስፈልግም፣ ሻንጣ መልስ አይፈልግም።»

በደግነት ነው ያለው። ማይኩ ግን ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረ። ተኳሿ ያን ቀን ብርቱካኑን ስትልጥ አንድ ነገር ወሰነች፤ ይህ ሰው ሻንጣ መሃል ተቀምጦ ዝም ብሎ አያረጅም።

የንግግር ሐኪሟ ጋ ቀጠሮ በየሁለት ሳምንቱ ነው። ቀሪው ቤት ውስጥ ነው የሚሠራው። ሐኪሟ በተኳሿ ስልክ ላይ አንድ መለማመጃ ጫነችላቸው። ሥዕል ይመጣል፤ ስልኩ ትንሽ ይጠብቃል፤ በሽተኛው ቃሉን ይፈልጋል፤ ካልመጣለት ስልኩ ቀስ ብሎ ይነግረዋል፣ እሱም ይደግማል። «ጠዋት ግማሽ ሰዓት፣ ማታ ግማሽ ሰዓት» አለች ሐኪሟ። «ዋናው መድኃኒት ጸጥታ ነው። ቃሉን ሲፈልግ አታቋርጡት። ከተቋረጠ እንደገና ከመጀመሪያው ነው።»

መለማመጃው ጥሩ ነበር። ነጻም ነበር። ነጻ ስለሆነ ግን በየሦስት ሥዕሉ ማስታወቂያ ይገባበታል። ያውም ምን ዓይነት ማስታወቂያ! የቁማር ጎማ ነው፣ በቀይና በወርቅ የሚሽከረከር፣ አንድ ጎረምሳ ድምፅ ጆሮ እስኪያደነቁር «እንኳን ደስ አለዎት!» የሚልበት። ማይኩ ማንኪያ አይቶ፣ ግንባሩ ላብ አውጥቶ፣ «ማ... ማን...» እንዳለ ጎማው ብቅ ይላል። «እንኳን ደስ አለዎት!» ማንኪያዋ ትጠፋለች። ቃሏም አብራት።

ተኳሿ ትዘጋዋለች እንዳትሉ፣ መዝጊያዋ የመርፌ ጫፍ ታህላለች። ሃያ ስድስት ዓመት በእንፋሎት የተቀቀለ ጣት ደግሞ ደንድኗል፣ ስልኩ ጣት መሆኑን አያውቀውም። አንዴ ስትነካው ዝም፣ ሁለቴ ስትነካው ዝም፣ ሦስተኛ ስትጫነው ይባስ ብሎ ቁማር ቤቱን ይከፍተዋል። ያለ ማስታወቂያ የሚሠራውን ልግዛ ብትል በባንክ ካርድ ካልሆነ አልቀበልም አላት። ካርድ የላትም። ስልኩን ወርውራ ልትሰብረው አንድ ሐሙስ ቀርቷት ነበር።

በዚህ ዓይነት ሦስት ሳምንት ሄደ። በሦስተኛው ሳምንት ማይኩ ተናገረ። በዚያው በድሮ ድምፁ፣ ጥርት አድርጎ፣ አንድም ፊደል ሳይሰበር። «እንኳን ደስ አለዎት!» አለ።

ተኳሿ መጀመሪያ አለቀሰች፣ ቀጥላ ሳቀች፣ ከዚያ ግን ፈራች። ሌላ ቃል አልመጣማ። ውሃ ሲፈልግ «እንኳን ደስ አለዎት!» ሲቆጣ «እንኳን ደስ አለዎት!» አንድ ቀን አንዲት ደንበኛ ለአማቷ ቀብር የምትለብሰውን ጥቁር ቀሚስ ይዛ ገባች። ማይኩ ሰላም ሊላት ፈልጎ አፉን ሲከፍት ያው መጣ።  ደንበኛዋ ቀሚሱን እንደያዘች ቆይታ፣ «ኧረ ማን ነገረህ?» ብላ በሳቅ ወንበሩ ላይ ወደቀች። አማቷን አትወድም ነበር መሰለኝ። ሁሉም ደንበኛ ግን እንዲህ ጥሩ አይደለም፤ ማይኩም ከዚያ ቀን ወዲህ ሰው ሲመጣ መጋረጃው ጀርባ መደበቅ ጀመረ። ሃያ ሁለት ዓመት መነሃሪያ ሙሉ ሰው ሲያናግር የኖረ ሰው!

አሁን ወደ ቆጣሪ አንባቢዋ ልምጣ። በየወሩ የምትመጣ፣ ባርኔጣዋ በፀሐይ የነጣ፣ ፈጣን ልጅ ናት። የመብራት ቆጣሪው ከልብስ ዘንጉ ጀርባ ስለሆነ ከሸሚዞቹ ሥር ሾልካ ነው የምታነበው። ያን ቀን ማይኩ ሳያያት ጠረጴዛው ላይ ልምምዱን ይዞ ተቀምጧል። ከሸሚዞቹ መሃል ጭንቅላቷን ብቅ ስታደርግ ደነገጠና፣ «እንኳን ደስ አለዎት!» አላት።

«አመሰግናለሁ ጋሼ፣ ምን ደርሶኝ ነው?» አለች ልጅቷ።

«አትቀየሚው ልጄ» አለች ተኳሿ ካውያዋን አቁማ። «ሌላ ቃል የለውም። ስልኩ ነው ይህን ያስተማረው።»

ነገሩን ስትነግራት ልጅቷ ሳቋን ዋጠች። ስልኩን አየች፣ ጎማው ሲሽከረከር አየች፣ ተኳሿ መዝጊያዋን ሦስት ጊዜ ስትስት አየች።

«እስቲ ይስጡኝ እትዬ። እኔም ተቃጥዬበት ነበር። በቀን መቶ ምናምን ቤት እገባለሁ፤ ማስታወቂያ ዳታዬን እየበላ ከቀትር በፊት ባዶ ያስቀረኝ ነበር። ከዚያ ይህችን አወቅኩ።»

ሴቲንግ ውስጥ ገባች፣ ግንኙነት የሚለውን ከፈተች፣ ወደ ታች ወርዳ «የግል ዲኤንኤስ» የሚል ላይ ቆመች።

«ይሄ ደግሞ ምንድን ነው?» አለች ተኳሿ።

«ስልክዎ የትም ከመሄዱ በፊት አድራሻ ይጠይቃል እትዬ። የእገሌ ቤት የት ነው ይላል። የሚመልስለት አለ። እስከ ዛሬ ሲመልስለት የነበረው የጠየቀውን ሁሉ የሚያሳይ ነው፤ የሥዕሉንም ቤት ያሳየዋል፣ የቁማርተኛውንም ቤት ያሳየዋል። አሁን ሌላ መላሽ እንሰጠዋለን። ይኼኛው የማስታወቂያ ቤቶችን ስም ለይቶ ይዟል። የእነሱን ሲጠየቅ አላውቀውም ነው የሚለው። ስልኩ መንገዱን ካላወቀ አይሄድም፣ ካልሄደ ደግሞ ጎማውን ይዞ አይመጣም።»

«በረኛ በይኛ!»

«በረኛ። እንደሱ ነው።»

«ደመወዙስ?»

«ነጻ ነው።»

ተኳሿ ዓይኗን አጠበበች። «ነጻ የሚያገለግል በረኛ ምን ሊሰርቀኝ ነው?»

ልጅቷ ወደደቻት። «ጥሩ ጠየቁ። ስልክዎ የማንን ቤት እንደጠየቀ መላሹ ያያል። የድሮውም ያይ ነበር፣ ማየቱ አይቀርም። ስለዚህ ማንም መንገደኛ ይህን ጻፉ ስላለዎት እንዳይጽፉ። እኔ የማስገባልዎት የምጠቀምበትን፣ የሰው መዝገብ አልይዝም ብሎ በግልጽ ቃል የገባውን ነው። ደግሞ ተአምር እንዳይጠብቁ። በትላልቆቹ የቪዲዮ ቦታዎች ያለውን ማስታወቂያ አይችለውም፤ እዚያ ማስታወቂያውም ቪዲዮውም የሚወጡት ከአንድ ቤት ነው፣ አንዱን ሲዘጉ ሌላውም ይዘጋል።»

የመላሹን አድራሻ ጻፈች፣ አስቀምጥ የሚለውን ነካች። ከዚያ ለሁለቱም ማስጠንቀቂያ ሰጠች። የሰው ዋይፋይ፣ መጀመሪያ «ተስማማሁ» በሉ የሚል ገጽ የሚያመጣ ዓይነት ሲገጥማቸው በረኛው ላያስገባ ይችላል፤ ያኔ ለጊዜው ማሳረፍ፣ ከገቡ በኋላ መልሶ ማቆም። ለሁለቱም ነው የተናገረችው፤ ግን ተኳሿ ካውያው ፉጨቱን ሲለቀው ወደዚያ ሮጣ ነበር። ማይኩ ብቻ ነው የልጅቷን ጣት እየተከተለ ያየው።

መለማመጃውን ከፈቱት። ሦስት ሥዕል አለፈ። አራተኛ። አምስተኛ። ጎማው አልመጣም። ቦታው ባዶ ነጭ ሆኖ ይቆይና ያልፋል። ተኳሿ እጇን አፏ ላይ አድርጋ አሥራ ሁለተኛው ሥዕል እስኪያልፍ አልተነፈሰችም።

ገንዘብ ልትሰጣት ስትል ልጅቷ እምቢ አለች። «ሁለት ደቂቃ ሥራ እኮ ነው።» ተኳሿም ጃኬቷን ከላይዋ ላይ ገፍፋ፣ በግድ፣ ኪሱን ጭምር ገልብጣ ተኮሰችላት። ያን ዕለት በዚያ ሰፈር ቆጣሪ የምታነብ ሴት እንደ ሙሽራ ለብሳ ዋለች። ተኳሿ ይህን ስትነግረኝ እንደገና ዓይኗ እንባ አቀረረ። «ለሷ ሁለት ደቂቃ ነው» አለችኝ። «ደግሞ የት እንዳሉ የማላውቃቸው ሰዎች አሉ፣ የኔን ባል አፍ በነጻ የሚጠብቁ። እነሱን የት አግኝቼ ልተኩስላቸው?»

ከዚያ በኋላ ቃል መጣ። ዝርዝሩን ሁሉ ልነግራችሁ እችላለሁ፣ ማንኪያ ማክሰኞ ጠዋት ነው የመጣችው፤ በር ሐሙስ፤ ዝናብ የሚለው ግን ሁለት ሳምንት አስቸግሯል። «እንኳን ደስ አለዎት» እየሳሳ እየሳሳ ሄዶ አንድ ቀን ጠፋ፣ ተኳሿ እስከ ማታ አላስተዋለችም። በሁለተኛው ወር ቁጥር ጀመሩ። ማይኩ የሚያስፈልገው ቁጥር ነዋ! ለዚህ ስልክ አላስፈለጋቸውም። እሷ መስቀያውን ከዘንጉ ታነሳለች፣ እሱ ቁጥሩን ይጠራል። «አሥራ ሰባት!» የአሥራ ሰባት ቁጥር ሸሚዝ ባለቤት በር ላይ ቆሞ ከሆነ «አቤት!» ይላል። ደንበኛው ጨዋታውን ወደደው፤ አንዳንዱ ልብሱ ሳይደርስ ለመጠራት ብቻ ይመጣ ነበር። አንድ ችግር ግን አልለቀቀም። አራትንና አምስትን ይቀያይራል። አራት ያያል፣ አራት ማለት እንዳለበት ያውቃል፣ ከአፉ አምስት ይወጣል። ካስተዋለው ማረም ይችላል፤ ካላስተዋለው ግን ሄደ።

ሦስተኛው ወር ሞላ። ተኳሿ ሸሚዙን ሦስት ጊዜ ተኩሳ፣ ቦርሳዋን አንግታ፣ ይዛው ሄደች። የመስታወቷ ሳጥን በብረት ደረጃ የሚወጣ ነው፤ ውስጧ ጠረጴዛ፣ አንገቱ የታጠፈ ማይክ፣ ከሥሩ ማብሪያ፣ ከማብሪያው አጠገብ ስታበራ ቀይ የምትሆን ትንሽ መብራት። ኃላፊው ብዕሩን ከጆሮው እያወጣ እየመለሰ ይጠብቃቸዋል። ሦስቱን ወር ሲጠራ የቆየው ተተኪ ሻይ ሊጠጣ ወርዷል።

«ወረቀት ቀርቷል» አለ ኃላፊው። «ዝርዝሩ አሁን በስልክ ነው የሚመጣው። የመነሃሪያውን ዋይፋይ ካልያዘ ግን አይከፈትም።»

«በኔ እናድርገው» አለች ተኳሿ። «ፊደሉን አሳድጌለታለሁ፣ ዓይኑ ለምዶታል።» ቦርሳዋን ጠረጴዛው ላይ ዘፍ አድርጋ ስልኩን አወጣች። ቦርሳው ማብሪያውን ደፈጠጠው። ቀዩ መብራት በራ። ተኳሿ ጀርባዋን ሰጥታለች፤ ኃላፊውም የሚያየው ስልኩን ነው። ድምፅ ማጉያዎቹ ወደ ውጭ ስለተሰቀሉና መስታወቱ ወፍራም ስለሆነ ውስጥ ያለ ሰው አይሰማም። መነሃሪያው ግን በሙሉ ሰማ።

ዋይፋዩ አልገባም አለ። ይሽከረከራል፣ ኢንተርኔት የለም ይላል። ተኳሿ ካውያ ሲያስቸግራት የምታደርገውን አደረገች፤ አጠፋችው፣ በቀሚሷ ጠረገችው፣ እፍ አለችበት፣ እስኪቀዘቅዝ ጠበቀች፣ አበራችው። ያው ነው።

«ዛሬ ነው እንዴ የምታዋርደኝ አንተ ከንቱ!» አለችው ስልኩን። «ስንት ቀን ቻርጅ ያደረግኩህ!»

ውጭ ሻንጣ የሚጭኑ ሰዎች እጃቸው ቆመ። መነጽር ጠጋኙ በዚህ ጊዜ ብሎኑን ከከንፈሩ ጣለ፤ ብሎኑ እስከ ዛሬ አልተገኘም።

ማይኩ ቀዩን መብራት አይቷል። በሃያ ሁለት ዓመት ከዝርዝሩ ውጭ አንድ ቃል በዚያ ማይክ አሳልፎ የማያውቅ ሰው ነው። ጠረጴዛውን መታ መታ አደረገ።

«አታስቸኩለኝ እንጂ አንተ ሰውዬ! እያየኸኝ!» አለች፣ እሷም ለመነሃሪያው ሁሉ።

ኃላፊው ሰዓቱን አየ። ተነሳ። «በቃ እትዬ፣ የኔን ከቢሮ ላምጣ። ካልሆነም ይቅር፣ ዕቃ ማስቀመጫው መጥፎ አይደለም፣ ሞቅ ያለ ነው...»

ማይኩ በደካማው እጁ የኃላፊውን ክንድ ያዘ። ላቡ በተተኮሰው አንገትጌ ላይ ወረደ። ሁለቱም ዝም አሉ፤ ዝም ማለትን ተኳሿ ተምራዋለች። አንድ እስትንፋስ፣ ሁለት፣ ሦስት።

«በረኛውን... አሳርፊው» አለ። «ግቢ። ከዚያ... መልሺው።»

ቀላል ነገር አልነበረም። ከሦስት ወር በኋላ ከአፉ የወጣ፣ ራሱ አስቦ የደረደረው የመጀመሪያ ሙሉ ነገር ነው፤ ሥዕል አላሳየው፣ ስልክ አልነገረው። የመነሃሪያው በር ጠባቂ ከታች ከበርጩማው ብድግ ብሎ «ምን አጠፋሁ?» እንዳለ ነግረውኛል፤ እሱን ትተን፣ ተኳሿ ስልኩን ይዛ እንደ ድንጋይ ደርቃለች። ማይኩ ራሱ ስልኩን ተቀብሎ፣ ልጅቷ ያሳየችውን መንገድ ሄዶ፣ የግል ዲኤንኤሱን አጠፋ። የስምምነቱ ገጽ መጣ። ተስማማ። ገባ። ከዚያ በረኛውን መልሶ አቆመውና ዝርዝሩን ከፈተ።

ቦርሳውን ከማብሪያው ላይ ሲያነሳላት ነው ተኳሿ የገባት። «ወይኔ ጉዴ! ሁሉም ሰማኝ?» አለች። ኃላፊው በመስታወቱ ወደ ታች አየና «ይኸው ቆመው ያያሉ» አላት።

ማይኩ ማብሪያውን በሥርዓት ጫነና አነበበ። ቀስ ይላል። በየቃሉ መሃል ዕረፍት አለው። ድምፁ ግን ያው ድምፅ ነው። ወደ ወደቡ የሚሄደው፣ ተራ ሁለት። ወደ ሐይቁ የሚሄደው፣ ተራ ሰባት። ሾፌሮቹ ጡሩንባ ነፉ። ወደ ፋብሪካው መንደር የሚሄደው፣ ተራ... አምስት። ወደ ድልድዩ የሚሄደው፣ ተራ አንድ። ጨረሰ። ኃላፊው ብዕሩን ከጆሮው አውጥቶ «ለጊዜው ጠዋት ጠዋት» ብሎ ጻፈ። ተኳሿ ባሏን በሰው ፊት ሳመችው፣ ይህን እሷ አልነገረችኝም፣ መነጽር ጠጋኙ ነው።

ሩብ ሰዓት አልሞላም፣ የብረቱ ደረጃ ተንኳኳ። አዝራር በጅምላ የምትሸጥ አንዲት ወፍራም ሴት፣ ጥቅሏን ትከሻዋ ላይ አድርጋ፣ እያለከለከች ገባች።

«ማን ነው የጠራው? የፋብሪካው መንደር አምስት ተባለ። አምስት ላይ ቆሜ አውቶቡሴ ከአራት ተነስቶ በፊቴ ሄደ! ትኬቴ ከሰረ!»

ኃላፊው ፊቱ አመድ መሰለ። ቅድም የጻፈውን ወረቀት አየ። ተኳሿ ፈጥና መሃረቧን መፍታት ጀመረች፤ «እኔ እከፍላለሁ እናቴ፣ ስንት ነው፣ እኔ...» አለች።

ማይኩ ተነሳ። «እኔ... ነኝ» አለ። «አራት... ነበር። አምስት... አልኩ። ጥፋቱ የኔ ነው።»

አዝራር ሻጯ ከእግር እስከ ራሱ አየችው።

«አንተ ነህ እንዴ ቅድም በረኛውን አሳርፊው ያልከው?»

«አዎ።»

«ሚስትህ ደግሞ ይቺ ናት፣ ስልኩን የሰደበችው?»

«እኔ ነኝ» አለች ተኳሿ፣ መሃረቧን ጨብጣ። ከዚያ ሁሉንም ነገረቻት፤ ሻዩን፣ ጎማውን፣ ቆጣሪ አንባቢዋን፣ አራትና አምስትን።

ሴትየዋ ጥቅሏን አወረደችና ወለሉ ላይ ቁጭ አለችበት። «ሦስት ወር እዚህ ሲጠራ የነበረው ሰውዬ አፉ ውስጥ ዳቦ ያለ ነው የሚመስለው» አለች። «ትክክል ሲናገርም አይሰማም። ይኼ ቢያንስ ሲሳሳት ይሰማል። ቀጣዩ ስንት ሰዓት ነው?»

«ከአርባ ደቂቃ በኋላ» አለ ኃላፊው። «ግን ሌላ ትኬት መግዛት ግድ ነው። የከሰረው ደግሞ በደንቡ ከጠሪው ደመወዝ ይቆረጣል፣ ቅጽ አለው...»

«አምጣው ቅጹን።»

አመጣው። ሴትየዋ እንደኔው ፊደል አልቆጠረችም፤ የት ላይ እንደሚፈረም አሳያት። «የሚጠይቁት ዋጋ የሚል አለ» አላት።

«ምንም በል።»

«ምክንያትም ይላል።»

«እሱን እኔ ምን አውቄ! ማርኩት በል። መሃረብሽን እሰሪ አንቺ። ቀጣዩን ግን ሌላ ሰው እንዳይጠራብኝ፣ እሱ ይጥራልኝ።»

አርባውን ደቂቃ እዚያው ጥቅሏ ላይ ተቀምጣ ጠበቀች። ማይኩ ማብሪያውን ጫነ፣ ወደ ፋብሪካው መንደር አለ፣ ተራ አለ፣ ዝም አለ። ሦስቱም አላቋረጡትም። «አራት» አለ። ሴትየዋ ጥቅሏን አነሳች፣ አዲሱን ትኬት በራሷ ገንዘብ ቆርጣ ተሳፈረች፤ የድሮው ዋጋ ከማንም ሳይቆረጥ ቅጹ ላይ «ምንም» እንደተባለ ቀረ።